የጀማሉ የጠባይ ወረቀት

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሽባባው፣

«አሰላሙ ዓለይኩም» ብዬ ልጀምር ስል ክርስቲያንነትህ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ለማንኛውም ሰላም ለአንተ፣ ለአባትህና ለእህትህ ለመሰለች ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባትህ ወደ ቡታጅራ ፍርድ ቤት ተዛውረው ከሄዳችሁ ወዲህ የጎደለኝ አብሮኝ የሚሮጥ ሰው ነው። ብቻዬን እስከ ጉብሬ እሮጣለሁ፤ ብቻዬን እመለሳለሁ። የእኛ ነገር ይገርማል፤ አንተ ባደግክበት ከተማ እኔ ቀረሁ፣ እኔ ወደተወለድኩበት አገር አንተ ሄድክ። እናቴን ገና በሳምንትህ ሄደህ እንደጠየቅካት ስትጽፍልኝ ምን እንደምል ጠፋኝ። አላህ ይስጥልኝ።

ስለ ሽልማቱ የሰማኸው ወሬ እውነት ነው። ማስታወቂያው ከጠቅላይ ግዛቱ መጥቷል። ከየአውራጃው አንድ ተማሪ ይመረጣል፤ በሩጫ አንደኛ፣ በጠባይም አንደኛ የሆነ። ሯጭ ሆኖ ባለጌ አይሆንም፣ ጨዋ ሆኖ ዘገምተኛም አይሆንም ማለት ነው። የተመረጡት የካቲት ላይ አዲስ አበባ ይሮጣሉ። ከሁሉም በልጦ የተገኘው ዋንጫ ይሰጠዋል፤ አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ይማራል። ከዚህ ትምህርት ቤት እኔ ታጭቻለሁ።

ዳይሬክተሩ ትናንት ቢሮው አስጠርቶ የጠባይ ወረቀቴን አሳየኝ። ሦስት መስመር አላት። «ታዛዥነት» በሚለው ፊት «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጽፏል። «ንጽሕና» በሚለውም ፊት እንዲሁ። ሦስተኛው «ለመንግሥት ታማኝነት» ይላል፤ ፊቱ ባዶ ነው። «ይቺስ ጌታዬ?» ብለው «ጊዜ አለን» አለኝ። ቀጥሎ ስለ አንተ ጠየቀኝ። «ያ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ ይጽፍልሃል?» አለ። አዎ አልኩት። «ጎበዝ፤ ወዳጅነት መልካም ነው» አለኝ።

አንተስ እዚያ ከማን ጋር ነው የምታጠናው? ጓደኛ አገኘህ? ጻፍልኝ።

ወንድምህ ጀማሉ

———

ቡታጅራ፣ ኅዳር 5 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀማሉ፣

ደብዳቤህ በአዲስ አበባ ዞሮ እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ተራራውን አቋርጠህ በእግርህ ብታመጣው ኖሮ በሁለት ቀን ትደርስ ነበር። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የድንግል ማርያም ልጅ ይመስገን።

እንኳን ደስ ያለህ። ልስቅብህ ነበር፤ ባለፈው ሰኞ ግን እኔም ታጨሁ! የዚህኛው አውራጃ ዕጩ እኔ ነኝ። ስለዚህ የካቲት ላይ አዲስ አበባ እንገናኛለን፤ አንተ አምስት ሺህህን፣ እኔ ሺህ አምስት መቶ ሜትሬን ይዘን። በሩጫው አትበልጠኝም፤ በጠባዩ ግን ሳትበልጠኝ አትቀርም፤ እኔ አፌን መያዝ አልችልም።

ልምምዴን ወደ ጥያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የማደርገው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን አቁመው «ምን ሰርቀህ ነው?» አሉኝ። «ምንም አባቴ፣ ልምምድ ነው» ብላቸው «ምንም ያልሰረቀ እንዲህ አይሮጥም» ብለውኝ አለፉ።

ከማን ጋር እንደማጠና ለጠየቅከኝ፣ ከሦስት ልጆች ጋር ነው። ስማቸውን ብነግርህ አታውቃቸውም። ጥሩ ልጆች ናቸው።

እናትህን እሁድ እሁድ አያታለሁ። «አማራው ልጄ» ነው የምትለኝ። የእናንተን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ገና ከሩቅ ስታየኝ አይብና ጎመን ታወጣለች፤ ቆጮውን በእጄ እየቆረሰች ታስይዘኛለች። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሲያልቅ «ሳቁ የለም» አለች። «የምን ሳቅ?» ብላት «ልጄ ሲናገር ይስቃል። እዚህ ወረቀት ውስጥ አንዴ ብቻ ሳቀ» አለች። ሴት ወይዘሮ ናት እናትህ ሀሊሜ፤ ፊደል ሳትቆጥር ታነባለች።

ስለ ጎረቤታችሁ ስለ ጋሽ ሙስተፋ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። አሁን አልችልም።

ሽባባው

———

ወልቂጤ፣ ኅዳር 26 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽባባው፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። በመታጨትህ ከልቤ ደስ ብሎኛል። አልቀናሁም፤ ትንሽ ቀናሁ። እናቴ ያለችውን ሳነብ አፈርኩ። የሩጫው ድካም ነው በልልኝ።

እንዲህ ነው። ያቺ ሦስተኛ መስመር አሁንም ባዶ ናት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ያስጠራኛል። አይቆጣም፤ ሻይ ያስመጣልኛል። ባለፈው ሐሙስ ከአውራጃው የመጣ አንድ ሰው አብሮት ነበር። በአረንጓዴ ላንድሮቨር መጣ፤ ሜዳው ዳር ቆሞ ልምምዴን እስክጨርስ አየኝ። ስሙን አልነገረኝም፤ የእኔን ስም ግን ከነአባቴና ከነአያቴ ያውቃል። የአንተንም ያውቃል።

ቡታጅራ ገበያ ላይ ስለ መሬት የሚያወራ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ ይባላል። እውነት ነው? አንተ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እንደሌለህ ነግሬያቸዋለሁ። «ከሆነ ደብዳቤው ይናገራላ» አለኝ ዳይሬክተሩ። ስለዚህ የምታውቀውን ሁሉ በግልጽ ጻፍልኝ፤ ንጹሕ መሆንህን ማሳየት እንድችል። አብረውህ የሚያጠኑት ልጆች የማን ልጆች ናቸው? የጋሽ ሙስተፋስ ነገር ምንድን ነው? ሌላ ጊዜ ያልከው ለምን ነው?

ስለ ብዙ ጥያቄዬ ይቅርታ አድርግልኝ።

ጀማሉ

———

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀማሉ፣

የላክህልኝ ፖስታ ሁለት ጊዜ የታሸገ ይመስላል። ከስር የደረቀ ሙጫ አለ፤ ከላይ ደግሞ አዲስ። አንተ ከሆንክ ያሸግከው ሙጫ አታባክን።

መጀመሪያ ልተወው ነበር። ሦስት ቀን ዘቢዳር ተራራ ስር እየሮጥኩ አሰብኩበት። ጎረቤታችሁ ስለሆነና አንተም ልጁ ማለት ስለሆንክ ልነግርህ ይገባል ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ሙስተፋ ሠላሳ ዓመት የኖረበትን መሬት ባለመሬቱ ወሰደው። በርበሬ በትራክተር ሊያዘራበት ነው አሉ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ትራክተሩ መጥቶ እንሰቱን ከሥሩ ገለበጠው። እሁድ ነበር፤ እናትህ ጋ ስሄድ ነው ያየሁት። አንዱ እንሰት ለመብላት እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ያን ቀን ነው የተማርኩት። ጋሽ ሙስተፋ በተገለበጠው ላይ ተቀምጦ ነበር። አያለቅስም። «ሽማግሌዎች ይምጡ» ነበር የሚለው፤ ትራክተር ነጂው ደግሞ አማርኛውን እያረመ ይስቅበታል። ሚስቱና አራት ልጆቹ አሁን እናትህ ቤት ናቸው። «ለጀማሉ እንዳትጽፍለት፤ እግሩ ይከብደዋል» ብላ አስምላኝ ነበር። ማርያም ይቅር ትበለኝ።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ቅጂ በእጄ ገልብጬ ገበያው ውስጥ ተለጠፈ። ሌላ የተጻፈበት የለም፤ «ይህ በጋሽ ሙስተፋ ላይ ተደረገ፤ ነገ በማን ላይ?» ይላል። ከማን ጋር እንደነበርኩ ላንተም አልነግርህም፤ የጻፈው እጅ ግን የእኔ ነው።

ይህን ለአባቴ አልተናገርኩም፣ ለመሰለችም አልተናገርኩም። አንብበህ አቃጥለው።

ሽባባው

———

ወልቂጤ፣ ጥር 3 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለአቶ ሽባባው፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንዳልከው አድርጌዋለሁ።

ለእናቴ ሰላም በልልኝ። ለጋሽ ሙስተፋ አላህ ሶብሩን ይስጠው። ስለዚያ ጉዳይ ከእንግዲህ ባትጽፍልኝ ይሻላል።

ስሜ ወደ አዲስ አበባ ተላልፏል። የጠባይ ወረቀቷ ሞልታለች። የአንተን ስም በዝርዝሩ ላይ አላየሁትም፤ ምናልባት ሌላ ዝርዝር ይኖር ይሆናል።

ለጻፍኩት ማጠር ይቅርታ። ልምምድ በዝቶብኛል።

ጀማሉ

———

ቡታጅራ፣ ጥር 17 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለጀማሉ፣

ከመቼ ወዲህ ነው «አቶ» የሆንኩት?

ሌላ ዝርዝር የለም። ስሜ ተሰርዟል። የእኛ ዳይሬክተር ክፍል ውስጥ ገብተው «ከላይ ነው» ብለው ብቻ ወጡ፤ ዓይኔን ማየት አልቻሉም።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጡ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ሁሉ ወረቀት አስያዙንና አንድ ዓረፍተ ነገር እያነበቡ አስጻፉን። «ነገ በማን ላይ» የሚል ቃል ነበረበት። እጄን ልቀይር ሞከርኩ፤ ይበልጥ የእኔን መሰለ። ስወጣ ታላቅየው አስቆመኝና «ወይዘሮ ሀሊሜ ምንህ ናቸው?» አለኝ። የወዳጄ እናት ናቸው አልኩት። «እሁድ እሁድ ነው አይደል የምትሄደው?» አለ። ከዚያ «አሥራ አንድ ቅጂ እጅ አያደክምም?» ብሎኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ጀማሉ፣ አሥራ አንድ መሆኑን አብረውኝ የለጠፉት እንኳ አልቆጠሩትም። ቁጥሩን የጻፍኩት ለአንድ ሰው ነው።

ደብዳቤው ፖስታ ቤት ተከፍቶ ይሆን? ፖስታው ሁለት ጊዜ እንደታሸገ ጽፌልህ ነበር። ከፍተው አንብበውት ይሆናል። እንደዚያ በለኝ። ብቻ እንደዚያ ነው በለኝ፤ አምንሃለሁ።

እናትህ ደህና ናት። ዛሬ ያነበብኩላት ደብዳቤ የለም። የመጨረሻውን ላነብላት አልፈልግም አልኩ።

ሽባባው

———

አገና፣ ጥር 24 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለሽባባው፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። በርበሬ ነጋዴው ሸረፋ በቅሎ ጭኖ በተራራው ወደ ቡታጅራ እንደሚሻገር ሰምቼ ከወልቂጤ እዚህ አገና ድረስ ሮጬ ደረስኩበት። ገበያው መሃል በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። በእጅህ እንጂ ለማንም እንዳይሰጥ በአላህ አስምዬዋለሁ።

ፖስታ ቤት አይደለም። እኔ ነኝ።

ከማን ጋር ታጠናለህ ያልኩህ የመጀመሪያው ጥያቄ የእኔ ነበር፤ ወላሂ የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ የጠየቅኩህን ሁሉ ዳይሬክተሩ ነው ያስጠየቀኝ። የኅዳሩን ደብዳቤ ፊቱ ተቀምጬ ጻፍኩት፤ አሽጌ ስሰጠው ከፍቶ አንብቦ እንደገና አሸገው። ለራሴ «ንጹሕነቱን ላሳይለት ነው» እል ነበር። አንተ ጽፈኸው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ወይም አስቤ ይሆናል፤ አሁን አላውቀውም።

የአንተ መልስ ሲመጣ በተማሪዎች መዝገብ ቤት በኩል ስለሆነ የሚደርሰኝ፣ መምጣቱን ዳይሬክተሩ ያውቃል። ክፍሌ ገብቼ አነበብኩት። ስለ ጋሽ ሙስተፋ ያለውን ደግሜ አነበብኩት፤ በልጅነቴ የተሸከመኝ ሰው ነው። ከዚያ ኪሴ ከተትኩት። ሊያቃጥል ያሰበ ሰው ክብሪት ይፈልጋል፤ እኔ አልፈለግኩም።

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። የአረንጓዴው ላንድሮቨር ሰውየም ነበር።

«መጣ?» አለኝ።

«መጣ።»

«ታዲያ?»

ዳይሬክተሩ ወረቀቷን ከመሳቢያው አውጥቶ ፊቴ አስቀመጣት። «ልጄ ጀማሉ፣ ሩጫውን እግርህ ይሞላዋል፤ ጠባዩን ግን የምሞላው እኔ ነኝ» አለኝ። «መልካም ጠባይ ያለው ተማሪ ከመንግሥቱ የሚደብቀው ነገር የለም።»

«ምን ታደርጉታላችሁ?» አልኩት።

ሰውየው ነው የመለሰልኝ። «እንመክረዋለን» አለ።

ደብዳቤህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማንም አልነጠቀኝም፣ ማንም አልመታኝም። ከኪሴ አውጥቼ በገዛ እጄ አስቀመጥኩት። ዳይሬክተሩ ብዕሩን አንስቶ ሦስተኛዋን መስመር ሞላት። ስወጣ «ሻይህን አልጠጣህም» ብሎ መለሰኝ፤ ተቀምጬ ጠጣሁ።

እናቴን ሰበብ ላደርጋት አስቤ ነበር፤ አዲስ አበባ ከገባሁ እረዳታለሁ ልልህ። ተውኩት። ሽልማቱን ፈለግኩት፤ ይኸው ነው።

አሁን ስማኝ። ትናንት በቢሮው መስኮት ስር ሳልፍ «ከየካቲቱ ሩጫ በፊት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሂድ ሽባባው። ዘመድህ ጋ፣ የትም። ደብዳቤው እንደደረሰህ ሂድ። እግር አለህ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ብዕሩ እንቢ አለኝ። አይገባኝምና።

ጀማሉ

———

ቡታጅራ፣ ጥር 29 ቀን 1965 ዓ.ም.

ጀማሉ፣

ሸረፋ ደብዳቤህን በእጄ ሰጠኝ። መልስ እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ የለኝም ብዬው ሄጄ ነበር። ገበያው ሳይበተን ተመለስኩ።

አልሄድም። ከሄድኩ አባቴን ይይዛሉ። የመንግሥት ጸሐፊ ናቸው፤ ልጃቸውን ሸሸጉ ይሏቸዋል። አባቴ ባይገኙ መሰለችን ይጠይቃሉ። ከእኔ ጋር የነበሩት ልጆች ደግሞ ስማቸው በማንም እጅ የለም፤ እኔ ከጠፋሁ ግን አንድ በአንድ መልቀም ይጀምራሉ። እዚሁ ከተገኘሁ ጽሑፉም እጁም የአንድ ሰው ነው።

እናትህ ይህን አታውቅም። በእኔ አንደበት አትሰማውም።

ዋንጫውን ብትወስደው ባትወስደው ለእኔ ያው ነው። ስለዚያ አትጻፍልኝ። ተናድጃለሁ ብል ቃሉ ያንሳል፤ ሻይ ጠጣሁ ያልከው ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጨምድጄ ጥዬው ነበር።

ሽባባው

———

ቡታጅራ፣ መጋቢት 11 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለሽባባው፣ ባለህበት፣

ስለ ዋንጫው አትጻፍልኝ ብለኸኛል። አንዴ ጽፌ እተወዋለሁ፤ ልታውቀው ይገባል።

የካቲት 3 ቀን ከልምምድ ሜዳ እንደወሰዱህ አዲስ አበባ ሆኜ አልሰማሁም። የካቲት 18 ሮጥኩ። ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው ልጅ የጠባይ ወረቀቱ እንደ እኔ አልሞላም ነበርና ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። «በሩጫና በመልካም ጠባይ» አሉ። እምቢ እላለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። እጄ ተዘረጋ፤ ወሰድኩት። ሰው አጨበጨበ።

በማግስቱ ጠዋት ማረፊያችን በር ላይ የአረንጓዴው ላንድሮቨር ሰውዬ ቆሞ ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ» ካለኝ በኋላ «አዳሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ብዙ ልጆች አሉ፤ ከየአገሩ። ስለ አዳዲስ ጓደኞችህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትጽፍልናለህ» አለኝ።

«እጄን አሞኛል» አልኩት።

ሳቀ። «በግራህ ትጽፋለህ» አለኝ።

ዋንጫውን አልጋው ላይ ጥዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ወደ ቡታጅራ የሚመጣውን ያዝኩ። ስለ መታሰርህ የሰማሁት ጥያ ላይ፣ አውቶቡሱ ቆሞ ሁለት የከተማችሁ ሰዎች ሲያወሩ ነው። «የጸሐፊው ልጅ» ይባባሉ ነበር። የቀረውን መንገድ ተቀምጬ መምጣት አልቻልኩም፤ ቆሜ መጣሁ።

መጀመሪያ ለእናቴ ነገርኳት። ስትሰማ የያዘችውን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገረችኝም። በየሁለት ቀኑ ግን ቆጮ ጋግራ ለአባትህ ቤት ይዛ ትሄዳለች። እሷና መሰለች ደጅ ተቀምጠው ይውላሉ አሉ።

በአባትህ አገር ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ እንደሚሸከም አንተ ነህ የነገርከኝ። ሽማግሌ የሚሆነኝ አጥቼ ጋሽ ሙስተፋን ለመንኩት። አንገቱን ነቅንቆ «የራሴን ሽማግሌ ያጣሁ ሰው ነኝ» አለኝ፤ መጣ ግን። ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደጃችሁ ተንበረከክሁ። አባትህ ወጡ። 

«ድንጋዩን አውርድ» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ።»

«ሃያ ዓመት የሰው ክስ ስገለብጥ ኖሬያለሁ» አሉ። «ይቅርታ የሚሰጠው የተበደለው ነው። እኔ ልጄ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ሄጄ ብጠይቅ ‹አናውቀውም› አሉኝ። አንተ እግር አለህ አሉ፣ ዋንጫ ያሸለመ። ሂድና ፈልግልኝ።»

በሩን ዘጉት። አልደረገሙትም፤ ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

አሁን ከሸረፋ ዘንድ ሥራ ይዣለሁ። የበርበሬ ጆንያ በመኪና ጭነን በሳምንት ሁለቴ አዲስ አበባ እንገባለን። እሱ ሲሸጥ እኔ ከእስር ቤት እስር ቤት ምግብ ይዤ እዞራለሁ፤ እናቴ ናት የምታዘጋጀው፣ ያለ ሥጋ። ሁለት በር ላይ «የለም» ብለው መለሱኝ። ትናንት ሦስተኛው በር ላይ ዘበኛው ስምህን ሰምቶ ምንም ሳይናገር ምግቡን ተቀበለኝ። ስለዚህ እዚያ ነህ። አባትህ ሲሰሙ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከዚያ የወጣ አንድ ሰው እዚያ ውስጥ የውስጥ እግር ይገርፋሉ አለኝ። ባትመልስልኝም ይገባኛል።

ጀማሉ

———

ሐምሌ 6 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለጀማሉ፣

ያለሁበትን አልጽፍም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ይህን ይዞ የሚወጣው ነገ የሚፈታ ሰው ነው። ደብዳቤህ በሰው ጫማ ውስጥ ሆኖ የደረሰኝ በግንቦት ወር ነው። መልስ ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ወረቀት ስላጣሁ ብቻ አይደለም።

የጠየቅከኝን ልመልስ። እውነት ነው። ለአባቴ አትንገራቸው፤ ለመሰለች ከጠየቀችህ ንገራት፣ እሷ ከመገመት ማወቅ ይሻላታል። አብረውኝ የነበሩትን ልጆች ስም ነው የፈለጉት። ስማቸው እዚህ አልገባም። ግቢው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ወር በእጄና በጉልበቴ ነበር የምሄደው። አሁን ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። የግራ እግሬ መሬት ሲነካ አይታወቀኝም። አብሮኝ የታሰረ አንድ ሽማግሌ «ከእንግዲህ ሩጫ የለህም ልጄ» አለኝ፤ እንዲህ ደፍሮ የነገረኝ እሱ ብቻ ነው፤ አመሰገንኩት።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ውሸት ስለነበር ነው። ጠዋት ጠዋት ስነሳ እግሬን ሳይ ስምህ ይመጣብኛል፤ በመልካም አይመጣም። ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ከዋሸሁህ አንተና እኔ እንደገና ያ ጠረጴዛ ላይ ነን ማለት ነው።

ግን የሆነውን ሁሉ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ዘበኛው ምግቡን ይዞ ገብቶ «ይህን ሳያቋርጥ የሚያመጣው ጥቁሩ ልጅ ምንህ ነው?» አለኝ። «ወንድሜ ነው» አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ዘበኛው ስማችሁ አይመሳሰልም ብሎ ሳቀ። ልመልሰው እችል ነበር። አልመለስኩትም።

ሰኞ ከዚህ ያነሱናል ይላሉ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩንም፤ አንዳንዱ ሩቅ ቆላ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ከሰኞ በኋላ መጥተህ ስሜን ብትጠራ የለም ይሉሃል። ከናካቴው እዚህ ኖሮም አያውቅም ሊሉህ ይችላሉ።

አትመናቸው። የሚቀጥለውን በር ጠይቅ።

ሽባባው